ጭስ ያላወጣው የጭስ ዛፌ

በኮሎራዶ ግዛት፣ ኦሮራ ከተማ የምንኖርበት ቤት የሳሎኑ መስኮት ወደ ምዕራብ የዞረ በመሆኑ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሶፋው ላይ አያስቀምጥም ነበር። ቤቱን በገዛን በዓመቱ፣ በፈረንጆቹ 2016፣ መስኮቱን የሚከልል አንድ ነገር ለመትከል ከባለቤቴ ጋር ተስማማን፤ ምን እንደምንተክል ግን አላወቅንም። ያን ሰሞን፣ ጁን ወር ውስጥ፣ ከሥራ ስመለስ በሠፈራችን አንድ ግቢ ውስጥ ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሆነ ትልቅ ቁጥቋጦ አየሁ። ከቅጠሉ በላይ ሮዝ ያዘለ ግራጫ ጉም ተንጠልጥሎበት ነበር፤ ከሥሩ እርጥብ እንጨት የተማገደ ይመስል ስለነበር መኪናዬን አቁሜ ቆሜ አየሁት። ችግኝ ወደሚሸጥበት ቦታ ሄጄ ያየሁትን ስናገር ሻጩ ገና ሳልጨርስ «ስሞክ ትሪ» አለኝ። አንዳንዱ «ስሞክ ቡሽ» ይለዋል፤ እኔ እዚህ የጭስ ዛፍ እለዋለሁ።

የዚያኑ ዕለት «ሮያል ፐርፕል» የሚባለውን ዓይነት በ60 ዶላር ገዝቼ ከመስኮቱ 4 ጫማ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ተከልሁት። ጭሱን ለማየት የበቃሁት ግን በ2025 ነው፤ ያውም ያንኑ ዛፍ በእጄ ቀብሬ በሌላ ከተካሁ በኋላ። ይህን የምጽፈው ተክሉን ወዳችሁት ለመግዛት የተነሣችሁ ሰዎች እንደ እኔ ዘጠኝ ዓመት እንዳትጠብቁ በማሰብ ነው።

በመጀመሪያ ጭስ የምንለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ አበባው ይመስለኝ ነበር። አበባው በጣም ትንሽና ቢጫ አረንጓዴ ሲሆን፣ ካልተጠጉት በቀር አይታይም። በየአበባ ዘለላው ውስጥ አብዛኞቹ አበቦች ፍሬ ሳይዙ ይረግፋሉ፤ የእነርሱ ቀጫጭን አገዳዎች ግን ዘለላው ላይ ቀርተው ይረዝሙና ለስላሳ ጠጉር ያወጣሉ። ጠጉሩ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ግራጫ እየደበዘዘ እስከ በጋው መጨረሻ ይቆያል። ስለዚህ ዛፉ ካላበበ ጭስ የለም፤ የማያብብበትን ምክንያት ደግሞ እኔው በመግረዣ መቀስ እየፈጠርሁት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭስ ዛፍ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በክረምት መጨረሻ ቅርንጫፉ ከሥር ከተቆረጠ ተክሉ አይሞትም፤ እንዲያውም በጸደይ ረዣዥምና ቀጥ ያሉ ቀንበጦችን፣ ከተለመደው የሰፉና ቀለማቸው የጠለቀ ቅጠሎችን ያወጣል፤ በዚያ ዓመት ግን አያብብም። ይህን አውቀው ለቅጠሉ ውበት ሲሉ በየዓመቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርገው የሚቆርጡት አትክልተኞች አሉ፤ እኔ ግን ሳላውቅ ነበር የምቆርጠው። የ«ሮያል ፐርፕል» መለያ ካርድ ላይ ቁመቱም ስፋቱም እስከ 15 ጫማ፣ ወደ 4.5 ሜትር እንደሚደርስ ተጽፎ ነበር፤ አንብቤዋለሁም፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ውስጥ ያለችው ጉልበቴን ያላለፈች ችግኝ ያን ያህል ትሆናለች ብሎ ማን ያምናል? በሁለተኛው ዓመት የመስኮቱን ግማሽ ስትሸፍን በማርች ቆረጥኋት። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንዲሁ። በየጁኑ ጭሱን እጠብቃለሁ፤ የማገኘው ቅጠል ብቻ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው በየዓመቱ ለጥምቀት እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ቅጠሉ የረገፈውን ቁጥቋጦ እያዩ፣ «ፍሬ የለው፣ ጥላ የለው፣ ለዚህ ነው 60 ዶላር ያወጣኸው? ጌሾ ብትተክል ምን ነበረበት!» ይሉኛል። «ጋሼ፣ ጌሾው የዚህን አገር ብርድ አይችልም» ብዬ እመልሳለሁ። «ይኼስ ምን ቻለ?» ይላሉ። መልስ አልነበረኝም።

ምክንያቱን የነገሩኝ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን (ለገበሬና ለአትክልተኛ ምክር የሚሰጥ) አገልግሎት ሥር የሚሠሩ አንዲት የአትክልት በጎ ፈቃደኛ ናቸው። «መቼ ነው የምትገርዘው?» ብለው ጠየቁኝና ስመልስላቸው ሳቁ። ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ ነበረኝ፦ መቁረጡን ትቼ መስኮቱ እንዲጨልም መፍቀድ፣ ወይም እየቆረጥሁ ጭሱን መርሳት። እኔ ግን ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ፤ ዛፉን ነቅዬ ወደ ጓሮ ለማዛወር ወሰንሁ።

በ2021 መገባደጃ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ እኔና የባለቤቴ ወንድም አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስንቆፍር ውለን፣ አምስት ዓመት የሠራውን ሥር ግማሹን እየበጠስን አወጣነው። ጓሮ ውስጥ ባዶ የነበረው ቦታ ባለቤቴ በየዓመቱ ቲማቲምና ቃሪያ፣ አንዳንድ ዓመትም ለበርበሬ የሚሆን ዛላ የምታበቅልበት መደብ ነበር። አፈሩ በኮምፖስት የለሰለሰ፣ ጥቁርና መልካም ስለነበረ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ብለን እዚያው ተከልነው።

በሚቀጥለው ጁላይ ከግራ በኩል ያሉት ሁለት ቅርንጫፎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠወለጉ። ቅጠሉ አልረገፈም፤ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቡናማ ሆነ። ውኃ ያነሰው መስሎኝ ጨመርሁ። በኦገስት ቀኝ በኩሉም ተከተለ። አንዱን ቅርንጫፍ ቆርጬ ተመለከትሁት። የዚህ ተክል እንጨት ውስጡ በተፈጥሮው ደማቅ ቢጫ ነው። ከቢጫው ውጪ፣ ከልጡ ሥር ባለው ነጣ ያለ ክፍል ላይ ግን ጥቁር ቡናማ መስመሮች ተሰምረውበት አየሁ። ቁራሹን ለምርመራ ላክሁት፤ ውጤቱ ቨርቲሲሊየም የሚባል፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ፈንገስ በሥር በኩል ገብቶ ውኃ የሚመላለስባቸውን ቱቦዎች ስለሚዘጋ፣ ተክሉ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ በጥማት ይሞታል። የጭስ ዛፍ ክፉ ጠላቱ ይኸው ነው። ፈንገሱን ከሚያስተናግዱት ተክሎች ዋነኞቹ ደግሞ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና በርበሬ፣ ደበርጃን እና እንጆሪ ናቸው፤ ከዛፎችም ሜፕል አለበት። በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። እኛ ሐበሾች ጓሮ ስናገኝ መጀመሪያ የምንተክለው ቃሪያና ቲማቲም ስለሆነ፣ ይህን ነጥብ ከሌላው ሁሉ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፦ የጭስ ዛፍን ቃሪያና ቲማቲም በነበረበት መደብ ላይ አትትከሉ። መሬቱ ለምለም መሆኑ ተክሉን አይጠቅመውም፤ ይልቁንም ድሃ አፈር ላይ ነው ቀለሙ የሚያምረው።

የሞተውን ከነሥሩ አውጥቼ፣ መጋዙንና መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ጠረግሁ። በቦታው ጥድ ተከልሁ፤ የጥድ ወገን የሆኑ ዛፎችን ይህ ፈንገስ አይዛቸውም።

ሁለተኛውን ስመርጥ ገበያ ከመሄዴ በፊት ክረምቱን ሙሉ ሳስብበት ቆየሁ። መጀመሪያ የወሰንሁት ቀለሙን ሳይሆን መጠኑን ነው፤ ምክንያቱም ጭስ ከፈለጋችሁ በየዓመቱ ልትቆርጡት አትችሉም፤ ልትቆርጡት ካልቻላችሁ ደግሞ ተክሉ ሲያድግ የሚደርስበት መጠን ከቦታው ጋር መስማማት አለበት። ሜትር ይዤ ወጣሁና ከመስኮቱ ፊት ያለውን ቦታ ለካሁ። ከግድግዳው እስከ እግረኛ መንገዱ 3 ሜትር ከ60 ነው። ስፋቱ 4.5 ሜትር የሚሆን ተክል ከመነሻውም እዚያ ቦታ አልነበረውም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በገበያ የሚገኙትን ዓይነቶች ማየት ጀመርሁ። ወይን ጠጅ ቅጠል ካላቸው ትልልቆች አንዱ ያው «ሮያል ፐርፕል» ነው። «ግሬስ» የሚባለው በእንግሊዝ አገር የአውሮፓውንና የአሜሪካውን ዝርያ በማዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ የጭሱም ዘለላ ትልልቅ ነው፤ ነገር ግን እስከ 6 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ለሰፊ ግቢ እንጂ ለእኔ አይሆንም። «ጎልደን ስፒሪት» ቅጠሉ ቢጫ ነው፤ ባለቤቴ ወዳው ነበር፣ የቤታችን ግድግዳ ቢጫ ያዘለ ክሬም ስለሆነ ግን ተዋጠ። «ሊላ» እና «ዋይንክራፍት ብላክ» የሚባሉት ቅጠላቸው ወይን ጠጅ ሆኖ አጫጭር ናቸው፤ ሁለተኛው ቁመቱ ከ1.2 እስከ 1.8 ሜትር ነው። «ያንግ ሌዲ» ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ያድጋል፤ ዋናው ጠባዩ ግን ገና በልጅነቱ ማበቡና ጭሱን አብዝቶ ማውጣቱ ነው። ሌሎቹ ጭስ እስኪያወጡ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዓመታት መጠበቅን ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ ከባለቤቴ ጋር ተከራከርን። እርሷ ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነ ምኑ ልዩ ነው ትላለች፤ እኔ ሰባት ዓመት ሆነኝ፣ ጭስ ነው የምፈልገው እላለሁ። በመጨረሻ «ያንግ ሌዲ»ን መረጥን፤ ለእርሷም ትንሹን «ዋይንክራፍት ብላክ» ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኝበት ቦታ ተከልንላት። ፀሐይን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ወይን ጠጅ ቅጠል ያላቸው ዓይነቶች ጥላ ውስጥ ሲሆኑ ወደ አረንጓዴ ይመለሳሉ፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል። ከኋላቸው ያለውንም ግድግዳ ልብ በሉ። ጥቁር ወይን ጠጅ ቅጠል በቀይ ሸክላ ጡብ ወይም በጥቁር አጥር ፊት ሲቆም ከሩቅ አይለይም፤ በነጣ ግድግዳ ፊት ወይም የማታ ፀሐይ ከኋላው በሚመታበት ቦታ ሲሆን ግን ቅጠሉ እንደ ፍም ይበራል።

ለመግዛት ስትሄዱ ስሙን በትክክል ያዙ። በካሊፎርኒያና በአሪዞና በረሃ ውስጥ የሚበቅል፣ እርሱም «ስሞክ ትሪ» የሚባል እሾሃም ዛፍ አለ፤ ከዚህኛው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የእኛው ሳይንሳዊ ስሙ ኮቲነስ ኮጊግሪያ ሲሆን፣ ከደቡብ አውሮፓ እስከ ቻይና ባለው ምድር በተፈጥሮ ይበቅላል። ኮቲነስ ኦቦቫተስ የሚባለው የአሜሪካው ዝርያ ከቴክሳስ እስከ ቴነሲና አላባማ ባሉ የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ላይ የሚገኝ እውነተኛ ዛፍ ነው፤ ጭሱ ከአውሮፓው ያነሰ ቢሆንም፣ በመጸው ቅጠሉ የሚለብሰውን ብርቱካናማና ቀይ የሚያህል ብዙ አይገኝም። ሁለቱም የማንጎ ቤተሰብ ናቸው፤ በአገራችን በየከተማው መንገድ ዳር ቅርንጫፉን አንዘርፍፎ የምናየው የቁንዶ በርበሬ ዛፍም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለዕውቀት ብቻ ሳይሆን፣ ፖይዝን አይቪ የተባለውም ተክል የዚሁ ዘመድ ስለሆነ ነው። የማንጎ ልጣጭ ወይም ፖይዝን አይቪ ቆዳችሁን የሚያሳክክ ከሆነ፣ የጭስ ዛፍን ስትገርዙ ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል።

ችግኙን ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ እንድታዩ ሻጩን ጠይቁ። እኔ የመጀመሪያውን ሳላይ ነበር የገዛሁት፤ ሲነቀል እንዳየሁት ዋናው ሥር ፕላስቲኩ ውስጥ ሳለ የተጠማዘዘውን ክብ ይዞ ኖሯል። ሥሩ ዙሪያውን የተጠመጠመ ከሆነ ሌላ ምረጡ፤ ቁመቱ ያጠረ ሆኖ ከሥር ብዙ ቅርንጫፍ ያለው፣ አንድ ቀጭን ረጅም ዘንግ ብቻ ካለው ችግኝ ይልቅ ይሻላል። በጁን ወር ብትገዙ ጭሱን በዓይናችሁ አይታችሁ መምረጥ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን በሴፕቴምበር ገዛሁ፤ ሙቀቱ በርዶ አፈሩ ገና ስላልቀዘቀዘ ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል።

ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመር ያለበትን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል። የእኛ አፈር ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ነው፤ ዋልካን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የጭስ ዛፍ ይህንንም ሆነ የአካባቢያችንን ኖራማ አፈር ይችላል፤ የማይችለው ሥሩ ውኃ ውስጥ መቆሙን ነው። ስለዚህ ጉድጓዱን ሁለት እጥፍ አስፍቼ፣ ጥልቀቱን ግን ሥሩ ካለበት ዕቃ ጥቂት አሳንሼ ቆፈርሁ፤ ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ከአፈሩ በላይ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ እንዲቆም አደረግሁ። ኮምፖስትም ማዳበሪያም አልጨመርሁም። ከላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ጎዘጎዝሁ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው አራቅሁት።

የውኃውን ነገር ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቱቦውን በቀስታ ለቅቄ፣ ወደ ታች እስኪሰርግ አጠጣሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዝናብ ሲጠፋ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። የሣር መርጫ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚረጨው ቦታ ላይ ከተከላችሁት ግን ሥሩ ይበሰብሳል፤ እኔ አንዱን የመርጫ ራስ መዝጋት ነበረብኝ። ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ ክረምቱ በረዶ ሳይጥል ሲደርቅ፣ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነበት ቀን በወር አንድ ጊዜ አጠጡ። በዓመት የምናገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 400 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በጸደይ አትቸኩሉ። የጭስ ዛፍ ከብዙዎቹ ተክሎች ዘግይቶ ነው የሚነቃው። በ2024 ሜይ አጋማሽ ጎረቤቱ ሁሉ ለምልሞ የእኔ «ያንግ ሌዲ» ደረቅ እንጨት ሆና ስትታይ ልቤ ተሰብሮ መቀስ አንሥቼ ነበር፤ ባለቤቴ ከለከለችኝ። በሳምንቱ ቡቃያው ፈነዳ። አሁን የደረቀውን ለመለየት እስከ ሜይ መጨረሻ እጠብቃለሁ፤ ጫፉን በጥፍሬ ፍቄ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ካለ እተወዋለሁ፣ የሞተውን ብቻ እቆርጣለሁ። ሌላ ግርዘት አላደርግም።

ከኮሎራዶ ውጭ ለምትኖሩ ጥቂት ልበል። በሚኒሶታ ያላችሁ ብርዱን የበለጠ የሚችለውን «ኖርዲን» የሚባለውን ወይም የአሜሪካውን ዝርያ ፈልጉ፤ ሌሎቹ ጫፋቸው በውርጭ ይቃጠልና ያው እንደተገረዘ ሆኖ ጭሱ ይቀራል። በሲያትል ዋናው ነገር ውኃ የማይቋጥር ከፍ ያለ ቦታ ማግኘት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያም በደንብ ይበቅላል፤ አፈሩን ብቻ አታቀማጥሉት። ክረምት የሚባል ነገር በሌለበት በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ገንዘባችሁን አታውጡበት፤ ተክሉ የሚያርፍበት ብርድ ያስፈልገዋል።

በ2025 ጁን ሁለተኛ ሳምንት፣ ከተከልሁት ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ወገቤ ድረስ ብቻ የደረሰችው «ያንግ ሌዲ» ከላይ እስከ ታች ጭስ ሆነች። መጀመሪያ አረንጓዴ ያዘለ ክሬም ነበር፤ በሳምንት ውስጥ ሮዝ ሆነ፤ ማታ ዝናብ ሲጥልበት በጠጉሩ ላይ ጠብታ እየያዘ ያቀረቅርና ጠዋት ይነሣል። መስኮቱን ገና አልከለለችም፤ ለሁለት ሦስት ዓመት መጋረጃው ሥራውን ይቀጥላል። ጋሼ በዚያው ወር ለልጃችን ልደት መጥተው በሩ ላይ ቆመው ብዙ አዩዋት። ጌሾውን አላነሡም። በሳምንቱ ስልክ ደውለው የችግኙን ስምና ዋጋ ጠየቁኝ፤ ስሙን ከመናገሬ በፊት ቦታው ስንት ሜትር እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ቆይ» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ሜትር ፍለጋ ሄዱ።